ምራቄ ለምን ነጠፈ?

የአንባቢያን ጥያቄና የጥርስ ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። 46 ዓመቴ ነው። አዳማ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ አፌ ይደርቃል። መጀመሪያ የአዳማ ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ግን የውሃ ጠርሙስ ሳልይዝ አንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር አልችልም። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለኛል። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። ባለፈው መስከረም ደግሞ ከጆሮዬ ሥር ግራና ቀኝ አበጠብኝ። ጎረቤቶቼ «ጆሮ ደግፍ ነው» አሉ። ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ደም ሰጠሁ፣ ከታችኛው ከንፈሬም ናሙና ተወሰደ። «ሾግረን ይባላል። የራስሽ በሽታ መከላከያ የምራቅ ዕጢሽን እያጠቃ ነው» አሉኝ። ከኋላዬ ብዙ ወረፋ ስለነበር ሌላ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

የራሴ ሰውነት እንዴት ራሴን ይበላል? ምን አጥፍቼ ነው? እህቴ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ማር እየቀላቀለች «ኢሚዩኒቲሽን ገንቢ» ትለኛለች። የኤችአይቪ ምርመራ መታዘዙን የሰማ ሰው ደግሞ ሌላ ጠረጠረ። ውጤቴ ነፃ ነው፤ ግን ለስንቱ ላስረዳ? እባክዎ በሚገባኝ ቋንቋ ይንገሩኝ።

መምህርት ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ መምህርት፣ ምንም አላጠፉም። ይህን ከሁሉም በፊት ልበልዎት። በሽታው ከንጽህና ጉድለት ወይም ከጠባይ የሚመጣ አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በ40 እና በ60 ዓመት መካከል ያሉ። እርስዎ ብቻ ተለይተው አልተመቱም።

አሁን ወደ ዕጢው እንግባ። ሦስት ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች አሉን፤ ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ ሥር እና ከምላስ ሥር። መስከረም ላይ ያበጡብዎት የጆሮ ሥሮቹ ናቸው። ከእነሱ ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ውስጥ ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ጥቃቅን ዕጢዎች ተበትነዋል። ምላስዎን በታችኛው ከንፈርዎ ውስጥ ቀስ አድርገው ያንሸራትቱት። እብጥ እብጥ ያሉ ነገሮች ይሰሙዎታል። እነሱ ናቸው። ከከንፈርዎ የተወሰደው ናሙና አራት አምስቱን ነው፤ ቢጎድሉ አይታወቅዎትም። ሁሉም ተጋግዘው በጤናማ ሰው አፍ ውስጥ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ ሊትር ተኩል ምራቅ ያወጣሉ።

አንዲት ጓደኛዬ ፓቶሎጂስት ናት፤ ከታማሚ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የምትመረምር ሐኪም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማይክሮስኮፑ ጋ አስቀምጣ ሁለት ናሙና አሳየችኝ። የመጀመሪያው የጤናማ ሰው ነው። ሐምራዊ የወይን ዘለላ ይመስላል። እያንዳንዷ ፍሬ ምራቅ የሚያመነጩ ሕዋሳት ክብ ሠርተው የተቀመጡባት ናት። ከመሃሏ ቀጭን ቧንቧ ይወጣል። ቧንቧዎቹ እየተገናኙ፣ እየሰፉ ወደ አፍ ይወርዳሉ። ሁለተኛው የታማሚ ነው። ዘለላው አለ፤ ግን ቧንቧው ዙሪያ ድፎ ዳቦ ላይ እንደተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተከማችተዋል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ አንድ ሊምፎሳይት ናት፤ ማለትም አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ። ጓደኛዬ እየቆጠረች ነበር። በአንድ ክምችት 50 ወይም ከዚያ በላይ ሊምፎሳይት ካለ አንድ ብላ ትይዛለች። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውስጥ እንዲህ ያለ ክምችት ቢያንስ አንድ ከተገኘ ለበሽታው ትልቅ ማስረጃ ነው። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ጥቂት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚይዘው ቦታ ነው። ያን ጊዜ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ማንሳት አቃተኝ። ስንት ዓመት በአፍ ውስጥ ስሠራ ኖሬ ድርቀት ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ለምን መጡ? የጠየቁኝም ይህንኑ ነው።

ሰፈር ውስጥ ሌሊት «ኡኡ! ሌባ!» የሚል ድምፅ ቢሰማ ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። በሾግረን ኡኡታውን የሚያሰማው ሩቅ ያለ ጠላት አይደለም። የዕጢውን ቧንቧ የለበጡት ሕዋሳት ራሳቸው ናቸው። አንዳንድ ሰው በዘር የወረሰው ዝንባሌ አለው። በዚያ ላይ አንድ ቫይረስ በአንድ ወቅት ገብቶ ሕዋሱን ሳያስደነግጠው አልቀረም ተብሎ ይታሰባል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ኤፕስታይን ባር የሚባለው ነው። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ መጮሁን አያቆምም። ጩኸቱ ኬሚካል ነው። ኢንተርፌሮን «ቫይረስ ገብቷል» ይላል። ኬሞካይን የሚባሉት «በዚህ በኩል ኑ» እያሉ ከደም ሥር ወደ ዕጢው ይመራሉ።

መጀመሪያ የሚደርሱት በአብዛኛው ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ሊምፎሳይቶች ናቸው። አንዳንዶቹ የዕጢውን ሕዋስ ግድግዳ በስተው መርዝ ይጨምሩበታል፤ ሕዋሱ ይሞታል። ሌሎቹ አይገድሉም፤ ግን እነሱም ይጮሃሉ፣ ሌላ ይጠራሉ። ቢ ሕዋሳት የሚባሉት ሌሎች ሊምፎሳይቶች ይከተላሉ። ባፍ የሚባል ፕሮቲን ለእነዚህ እንደ ስንቅ ነው፤ ዕድሜያቸው ሲያበቃ እንዳይሞቱ ያደርጋቸዋል። ሌላ ጊዜ ሌባው ከተባረረ ወይም ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። እዚህ ግን አይመለስም። ድንኳን ይተክላል። በሽታው በከፋባቸው ሰዎች ዕጢው ውስጥ ልክ እንደ ንፍፊት ያለ ማዕከል ይሠራል፤ ቢ ሕዋሳት እዚያው ይራባሉ፣ እዚያው ይሠለጥናሉ። ከእነሱ የሚወጡት ፀረ ሮ እና ፀረ ላ የሚባሉ አንቲቦዲዎች፣ ማለትም ዒላማቸው ላይ የሚጣበቁ የመከላከያ ፕሮቲኖች ናቸው። ሮ እና ላ በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ያሉ የራሳችን ፕሮቲኖች ናቸው። በደምዎ ውስጥ የተፈለገው ይኸው ነው።

አሁን በደንብ እንዲሰሙኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። የብዙ ታማሚዎች ናሙና ሲታይ የሞተው የዕጢ ክፍል አፉ የደረቀውን ያህል ብዙ አይደለም። ገና ያልተነካ፣ በሕይወት ያለ የወይን ፍሬ ሞልቶ አፉ ግን ደርቋል። ለምን? ምራቅ እንዲወጣ ነርቩ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክት ይልካል። ሕዋሱ ላይ ያለው መቀበያ ይቀበለዋል። ከዚያ አኳፖሪን የሚባሉት የውሃ በሮች ይከፈታሉ። በሾግረን አንዳንድ አንቲቦዲዎች መቀበያው ላይ ይቀመጡበታል። ቅድም ያልኳቸው የጩኸት ኬሚካሎችም መልእክቱን ያደናቅፉታል። የውሃ በሮቹም መቆም ከሚገባቸው ቦታ ፈቀቅ ብለው ይገኛሉ። መስመሩ አለ፣ ጋኑ ውስጥ ውሃ አለ፣ የሚከፍተው ግን ጠፋ። ዕጢው ሞቶ ሳይሆን አፉን ተይዞ ነው ዝም ያለው። ይህ ማለት የሚተርፍ ነገር አለ ማለት ነው። ግን ለዘላለም አይጠብቅም። ዓመታት ሲያልፉ በፍሬዎቹ ቦታ ጠባሳና ስብ ይተካል፤ ጠባሳ ደግሞ ምራቅ አያወጣም። ስለዚህ ነው ቶሎ ሐኪም ጋ ይመለሱ የምለው።

የራሴን ጥፋት ልንገርዎት። አንዲት 58 ዓመት የሞላቸው እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ እኔ ይመላለሱ ነበር። ጥርሳቸው ከድድ ሥር ዙሪያውን ይቦረቦራል። ሞላሁት። በስድስት ወር ሌላ ይቦረቦራል። ያንንም ሞላሁት። ስድስት ጥርስ ሞላሁ። «ጣፋጭ ይቀንሱ፣ በደንብ ይቦርሹ» አልኩ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «እሺ ልጄ» ይላሉ። አንድ ቀን መስታወቴን ወደ ጉንጫቸው ሳስገባ ተለጠፈብኝ። ላወጣው ስል ጉንጫቸው አብሮ ተሳበ። ከምላሳቸው ሥር ሁልጊዜ የሚጠራቀመው ምራቅ የለም። ምላሳቸው እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። «እማማ፣ ቆሎ ያለ ውሃ መብላት ይችላሉ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ባለፈው የልጅ ልጄን እንትፍ ብዬ ልመርቃት ብል ምራቅ አጣሁ» አሉኝ። ስለ ጥርሳቸው እንዲህ አልቅሰው አያውቁም ነበር።

ሁለት ዓመት አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥን ሁሉ ስለ ቆሎና ስለ በሶ እጠይቃለሁ። ካስፈለገም ኩባያ ሰጥቼ ሩብ ሰዓት አስተፋለሁ። ምንም ሳያላምጡ በ15 ደቂቃ የተጠራቀመው ምራቅ 1.5 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነገር አለ። ይህ የሻይ ማንኪያ ሲሶ አይሞላም።

የዚህ በሽታ አንዱ ክፋት ተበታትኖ መታየቱ ነው። ዓይኑ ለዓይን ሐኪም፣ ጥርሱ ለእኔ፣ ጣቱ ለሌላ። ስሙን የሰጠው ሄንሪክ ሾግረን የስዊድን የዓይን ሐኪም ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 19 ሴቶችን ገለጸ። ዓይናቸው ደርቆ ነው የመጡት፤ እሱ ግን ዓይናቸውን ብቻ አላየም፤ አፋቸውንም መገጣጠሚያቸውንም አየ። እርስዎም በደብዳቤዎ ሦስቱንም በአንድ ገጽ ጽፈውልኛል። ያንን ገጽ ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።

ስለ እህትዎ ማርና ዝንጅብል። በፍቅር ነው የምታደርገው፤ አትቆጧት። ነገር ግን የእርስዎ መከላከያ ደክሞ አይደለም፤ ከመጠን በላይ ተነስቶ ነው። «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር» ተብሎ በክኒን ወይም በዱቄት የሚሸጥ ነገር አይግዙ። ማሩ ደግሞ በደረቀ አፍ ውስጥ ጥርስ ላይ ይቀመጣል፤ አጥቦ የሚወስደው ምራቅ የለም። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በወጥ ውስጥ ይብሉት፤ ጥሬውን ግን የቆሰለ ምላስ አይችለውም።

ስለ ኤችአይቪ ምርመራው። የታዘዘው ስለተጠረጠሩ አይደለም። ኤችአይቪም፣ ሄፓታይተስ ሲም የምራቅ ዕጢን ሊያሳብጡና አፍን ሊያደርቁ ይችላሉ። ሐኪም ሾግረን ከማለቱ በፊት እነሱን መለየት አለበት። ሐኪምዎ ሥራውን በደንብ ሠርቷል ማለት ነው። ለጎረቤት ማስረዳት ግዴታዎ አይደለም።

በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም። ግን እጅ አጣጥፎ የሚቀመጡበትም አይደለም። ፒሎካርፒን የሚባል ክኒን አለ፤ የነርቩን መልእክት አስመስሎ የቀረውን ዕጢ ያነቃዋል። ቅድም ያልኩት ዝም ያለ ዕጢ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ያልባል፣ ሽንትም ያመላልሳል። ያልተረጋጋ አስም ወይም አንዳንድ የግላኮማ ዓይነት ያለበት ሰው አይወስደውም። ለጣትዎ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ሊታዘዝልዎት ይችላል፤ እሱን የሚወስድ ሰው ዓይኑን በየጊዜው መታየት አለበት። የሚታዘዝልዎትን የሚወስነው ያየዎት ሐኪም ነው።

የአፍ ነገር ግን የኔ ነው፤ እዚህ ላይ ሥልጣን አለኝ። ውሃ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይጎንጩ። ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡት፤ ተማሪዎችዎ ይለምዱታል። አፍዎ ደረቀ ብለው ለስላሳ መጠጥ ቀኑን ሙሉ አይጠጡ። ይህ ስህተት ስንቱን ጥርስ እንዳስነቀለ አይቻለሁ። ሎሚ መምጠጥም እንዲሁ፤ ምራቅ ይጠራል፣ ግን አሲዱ ጥርስን ይበላል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ካገኙ ያኝኩ። ሻይዎን ስኳር ቀንሰው፣ ከመኝታ በፊት ሳይሆን ከምግብ ጋር ይጠጡ። ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሸው አረፋውን ይትፉ፤ በውሃ አይጉመጥመጡ። በርበሬው ካቃጠለዎት፣ ምላስዎ ከቀላና የከንፈርዎ ጥግ ከተሰነጠቀ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ በቀላሉ ይታከማል፤ አልጫ እየበሉ መኖር የለብዎትም። ጫት የሚቅም ሰው ካለ ይንገሩት፤ አፍን የበለጠ ያደርቃል።

የአዳማ ነገር ራሱን የቻለ ነው። የነፋስ ማመንጫዎቹ ከከተማችን ዳር የቆሙት በከንቱ አይደለም። ባጃጅ ላይ ሲወጡ መነጽር ያድርጉ፣ ነጠላዎን ከፊትዎ ያሳልፉት። ማታ ቬንትሌተሩን ወደ እግርዎ ያዙሩት፤ ፊትዎ ላይ ካደረ ጠዋት ዓይንዎን መክፈት ያቅትዎታል። ጠመኔውን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ያጥፉት።

አንድ የሚያስፈራ ነገር መናገር አለብኝ። ዕጢው ውስጥ ለዓመታት ሲራቡ የኖሩ ቢ ሕዋሳት አልፎ አልፎ ወደ ሊምፎማ፣ ማለትም ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። ከ100 ታማሚዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ በዕድሜያቸው ሊታይ ይችላል። አብዛኛው ሰው አያገኘውም። ከጆሮ ሥር ያለው እብጠት በአንድ በኩል ሳይጠፋ ከቆየ፣ ከጠነከረ፣ ወይም ሳይታሰብ ከከሱ፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ካላበዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በማግስቱ ይሂዱ።

እማማ አሁንም ይመጣሉ። ስድስቱ ሙሌቶች አሉ። ሰባተኛ አልጨመርንም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 29 ዓመቷ ነው፣ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሾግረን አለባት፤ ውጤቷ ላይ ፀረ ሮ ፖዘቲቭ ይላል። ለመጀመሪያ ልጃችን ያሰጋዋል?

የመጀመሪያ ልጁን የሚጠብቅ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ፀረ ሮ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ይህ አንቲቦዲ ካላቸው 100 እናቶች ከሚወለዱ ልጆች 98 ወይም 99ኙ የልባቸው ነገር ደህና ነው። በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ የልብ ምትን የሚመራው መስመር ይጎዳና ምቱ ይዘገያል። ይህ የሚታየው በአብዛኛው ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እናንተ ወደዚያ እየተቃረባችሁ ነው። ስለዚህ ውጤቱን አሁኑኑ ለምትከታተላት የማህፀን ሐኪም አሳዩ፤ በእነዚህ ሳምንታት የጽንሱ ልብ በተደጋጋሚ እንዲታይ ጠይቁ። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የምትወስድ ከሆነ ነፍሰ ጡር ነኝ ብላ በራሷ አታቋርጥ። ልጁ ሲወለድ ቆዳው ላይ ቀይ ሽፍታ ቢታይ አትደንግጡ፤ የእናቱ አንቲቦዲ ከደሙ ሲወጣ በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ለሐኪም ማሳየት ግን አይቅር።

ጥያቄ፦ 57 ዓመቴ ነው፣ ወንጂ ተወልጄ ያደግኩ። ጥርሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናማ ነው። «ፍሎራይድ ነው ያበላሸው» ይሉናል። አሁን አፌ መድረቅ ጀምሯል። እግሬን ስለሚያቃጥለኝ ማታ ማታ አሚትሪፕትሊን እወስዳለሁ፣ ለደም ግፊትም ውሃ የሚያስወጣ ክኒን አለኝ። እኔም ሾግረን ይኖርብኝ ይሆን? ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙናስ ልተወው?

ከወንጂ

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የያዙት። የጥርስዎ ቀለም የልጅነት ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ፍሎራይድ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር የሚበልጥበት ቦታ ብዙ ነው። ቀለሙን የሚለውጠው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። አሁን የሚቦርሹበት ሳሙና ያንን አያባብሰውም። አፍዎ ከደረቀ ደግሞ ያስፈልግዎታል። አይተዉት፤ ብቻ አይዋጡት።

ድርቀቱን በተመለከተ፣ ሾግረን ከማለቴ በፊት መድኃኒትዎን እጠረጥራለሁ። አሚትሪፕትሊን አፍ በማድረቅ የታወቀ ነው፤ ዕጢው ላይ ያለውን ያንኑ የነርቭ መቀበያ ይዘጋዋል። ውሃ የሚያስወጣው ክኒንም ያግዘዋል። ካቆሙት ወይም መጠኑ ከቀነሰ ምራቁ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። እግር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የስኳር በሽታ ነው፤ ስኳርም አፍ ያደርቃል። ስኳርዎን በባዶ ሆድ ይለኩ። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ደግሞ የሚውጡትን ሁሉ፣ የተጀመረውንም የተረፈውንም፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ።